የሐጂ ኡመር ካሚዮን ቆጣሪና አደራ ተቀባዮቹ

ትምህርት ቤት ገብቼ መጀመሪያ የተማርኩት፣ የተፈታ ዕቃ ሁሉ የታወቀ ቦታ ሊኖረው ይገባል የሚለውን ነው። መምህራችን ይህን ሳይናገሩ የዋሉበት ቀን የለም። የመጀመሪያውን ቡሎን የት እንዳስቀመጥከው ሳታውቅ ሁለተኛውን አትንካ ይላሉ። እኔ ደግሞ የመምህር ቃል የጣስኩ ሲመስለኝ ምግብ የማይወርድልኝ ተማሪ ነኝ። ስለዚህ አስቀድሜ ላስታውቃችሁ፤ ሸዋ ሮቢት ላይ የደረሰብኝ ሁሉ የደረሰብኝ ትእዛዙን በመጣሴ አይደለም። በማክበሬ ነው።

ትምህርት ቤቱ ጣሊያኖች ደሴ ላይ የከፈቱት የእጅ ሥራ ትምህርት ቤት ነው። እኔ ገና አንደኛ ዓመት ነኝ። ለዕረፍት ወደ እናቴ ቤት፣ ወደ ሸዋ ሮቢት ቆላ ስወርድ በገዛ እጄ ፈትቼ የገጠምኩት አንድ የውሃ ፓምፕና አንድ የብስክሌት ደወል ብቻ ነበር። ደወሉም እኔ ከገጠምኩት ወዲህ ድምፁን አሰምቶ አያውቅም። እናቴ ግን «ልጄ የመኪና ሐኪም ሆኗል» ብላ ለሰፈሩ ሁሉ አዳርሳ ጠበቀችኝ። እናቱ በአደባባይ ሐኪም ያለችው ልጅ፣ «ኧረ እኔ የብስክሌት ደወል እንኳ ገድያለሁ» ብሎ እንዴት ያስተባብላል? ዝም አልኩ።

ዝም ባልኩ በማግስቱ ሐጂ ኡመር መጡ።

ሐጂ ኡመር የእናቴ ጎረቤት ናቸው። ጥጥና ጨው ይነግዳሉ። ያላቸውን ከብት ሁሉ ሸጠው አንድ አሮጌ ካሚዮን ገዝተዋል፤ ራሳቸው ይነዱታል። ካሚዮኑ በዕድሜ ከእኔ ሳይበልጥ አይቀርም። ሲነሳ ያስነጥሳል፣ ሲቆም ያቃስታል፣ በመካከሉ ደግሞ ይሄዳል። አንድ ጉድለት አለበት። የፍጥነት ቆጣሪው መርፌ ዜሮ ላይ ተኝታ አትነሳም። ከጣርማ በር ቁልቁል ሲወርዱ፣ ከኋላ የተጫነው ሰው ግማሹ ሸሃዳውን፣ ግማሹ እግዚኦታውን እያሰማ፣ መርፌዋ ግን መኪናው የቆመ ያህል ተዘርግታ ታንቀላፋለች።

«እስከ ዛሬ ትተኛ ብዬ ትቻት ነበር» አሉኝ ሐጂ። «አሁን ግን ከጣሊያኖቹ ካምፕ ትእዛዝ መጣ። ነገ ጧት ካሚዮን ያለው ሁሉ ለምርመራ ያቅርብ፤ ቆጣሪው የማይሠራ ይወረስና ለመንገዱ ሥራ ይሂድ ብለዋል። ልጄ፣ ከብቴ እንደሆነ የለ። ይቺ ከሄደች እኔ ምን ይዤ እቀራለሁ? ታስነሳልኛለህ?»

«አዎ ሐጂ» አልኩ።

እኔ ትልቅ ሰው ሲጠይቀኝ አዎ የምል ሰው ነኝ። ጥያቄው ምን እንደነበረ የማስበው ከመለስኩ በኋላ ነው።

የገበያ ቀን ነበር። ካሚዮኑ ገበያው ዳር ሾላ ጥላ ሥር ቆሟል። እኔ ካቻቢቴዬን ይዤ ጋቢና ውስጥ ስገባ የገበያው ሰው ግማሽ ያህሉ ሸቀጡን ትቶ በሩን ከበበ። ሙቀቱ ድንጋይ ያበስላል። ላቤ ዓይኔ ውስጥ ይገባል፣ ዓይኔን ስጠርግ የእጄ ግሪስ ፊቴ ላይ ይቀራል፣ ሰዉም ግሪሱን ባየ ቁጥር ሥራው እየገፋ መስሎት ያደንቀኛል።

የመጀመሪያውን ቡሎን ፈታሁ። እጄ ላይ ይዤው ዞር ዞር ብዬ አየሁ። ጠረጴዛ የለም። ሣጥን የለም። መሬቱ አሸዋ ነው፤ አሸዋው ላይ ዶሮዎች ያገኙትን ሁሉ እየለቀሙ ነው። የመምህሬ ድምፅ በጆሮዬ ደወለ፤ የታወቀ ቦታ!

በሩ ላይ ፊት ለፊቴ የቆሙት ጋሼ ወልዴ ነበሩ፤ ለመንገደኛ ምግብ የሚሸጡት ሰው። ከእሳቸው የበለጠ የታወቀ ነገር ሸዋ ሮቢት ውስጥ የለም።

«ጋሼ ወልዴ፣ እባክዎን ይቺን ይያዙልኝ።»

አራቱንም ቡሎኖች ተቀበሉኝ። የቆጣሪውን መስታወት ሐጂ ራሳቸው ያዙ። መርፌዋን ነቅዬ፣ ጥጥ ሊጭን መጥቶ ለነበረው ለግመለኛው ለአብዱ ሰጠሁ። ቁጥር የተጻፈበትን ክብ ሳህን ደግሞ እትዬ ዘይነባ እጃቸውን ዘርግተው «ለእኔ ስጠኝ» አሉ፤ ማሽላ ይሸጡ ነበር፣ ገበያቸውን ትተው ነው። ሁሉም ዕቃ ቦታ አገኘ። መምህሬ ቢያዩኝ ብዬ ተመኘሁ።

ሐጂ ኡመር ይሄኔ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ «ጀማው! የያዛችሁት አማና ነው! ከእሱ ከራሱ እጅ በቀር ለማንም እንዳትሰጡ!» አሉ።

«አደራ ነው፣ አደራ ነው» ብሎ ሁሉም ተቀበለ። አማናም አደራም አንድ ሸክም ነው፤ በየትኛውም ስም ቢጠራ እዚህ አገር ይከብዳል።

ከሳህኑ ጀርባ ስመለከት ነገሩ ተገለጠ። ተርብ ገብታ፣ መርፌዋ በምትዞርበት ዘንግ ላይ በጭቃ ቤቷን ሠርታለች። በእንጨት ፋቅ ፋቅ፣ በትንፋሽ እፍ፤ ዘንጉ ዞረ። ይኸው ነው! ሥራው ከዚህ በኋላ የምሳ ሰዓት እንኳን አይፈጅም ነበር።

«ተገኘ!» ብዬ ጮህኩ።

የመለሰልኝ ሰማዩ ነው። ከጣርማ በር በኩል ጉርርር የሚል ድምፅ መጣ።

«አውሮፕላን!»

በዚህ ዘመን አውሮፕላን ሲሰማ ምን ጭኖ እንደሆነ ቆሞ የሚጠይቅ የለም። ገበያው እንደ ተበተነ ጤፍ ሆነ። ሰው ወደ ማሽላ እርሻው፣ ግመል ወደ ቁጥቋጦው፣ እኔ ወደ ካሚዮኑ ሆድ። አውሮፕላኑ ፖስታ የያዘ ይመስለኛል፤ ቁልቁልም ሳያየን ወደ ደሴ አለፈ። ከካሚዮኑ ሥር ስወጣ ከገበያው የቀረው አንድ ዶሮ፣ የተገለበጠ እንቅብና አጠገቤ የተኙት ሐጂ ኡመር ነበሩ። መስታወቱን በደረታቸው አቅፈውታል።

«የእኔ አማና አለ» አሉ አቧራቸውን ሳያራግፉ። «የሌሎቹስ?»

ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ እስከ ማግስቱ ድረስ ከበቅሎ ጀርባ በቀር መቀመጫ አላገኘሁም።

መጀመሪያ ወደ ጋሼ ወልዴ ቤት ሮጥኩ። በራፋቸው ላይ ቆመው ያገኘኋቸው እየሳቁ ነው።

«ግባ፣ ቁጭ በል፣ ቅመስ።»

«አልቀመጥም ጋሼ፤ ቡሎኖቹን ይስጡኝ።»

«እሰጥሃለሁ እንጂ! ግን ምስክሩስ?»

«የምን ምስክር?»

«ስትሰጠኝ ሐጂ ቆመው አይተዋል። ስመልስ ካላዩ ነገ ወልዴ የእስላሙን ሰው ዕቃ አስቀረ ቢባል ምን እላለሁ? ሂድ ጥራቸው።»

ሮጬ ሐጂን ጠርቼ መጣሁ። መስታወቱን በግራ እጃቸው እንደያዙ ነው፤ አስቀምጡት ብላቸው እንቢ አሉ። ጋሼ ወልዴ ሣጥናቸውን ከፈቱ፣ ከሣጥኑ ውስጥ ከረጢት፣ ከከረጢቱ ውስጥ ጨርቅ አወጡ፣ ጨርቁን ፈትተው ቡሎኖቹን በሐጂ ፊት አንድ በአንድ መዳፌ ላይ ቆጠሩ። አምስት ሆኑ።

«ጋሼ፣ አራት ነበር የሰጠሁዎት።»

«አንዱን ባለቤቴ ደጃፍ ላይ አግኝታ፣ ከእነሱ የወደቀ መስሏት ጨመረችው።»

«እንግዲያው የእኛ አይደለም፤ ይመልሱት።»

«እኔ ደግሞ ከአደራ ላይ አንስቼ ልቀር?» ብለው ተቆጡ። ሐጂም «ልክ ናቸው» አሉ። እኔ ሁለት ሽማግሌ በአንድ ቃል ሲናገሩብኝ ክርክር አላውቅም። አምስቱንም ይዤ ወጣሁ። የትኛው እንግዳ እንደሆነ ለመለየት ግን በኋላ አምስቱንም በአራቱ ቀዳዳ ስሞክር ጣቴ ቆሰለ።

ከዚያ እትዬ ዘይነባ ጋ። ገና ከሩቅ ሲያዩኝ ሳህኑን ወደ ላይ አንስተው በፀሐይ አብለጨለጩልኝ።

«ና ልጄ፣ ና! ያንተ ዕቃ ይኸውልህ። ምን ያለ እድፍ ነበረበት በአላህ! በአመድና በሎሚ አሸሁት፣ አሸሁት፤ መጨረሻ ላይ ለቀቀልኝ።»

ተቀበልኳቸው። ሳህኑ እንደ ጨረቃ ነው። ነጭ፣ ንጹሕ፣ ባዶ። ከቁጥሮቹ አንድም የቀረ የለም።

ሐጂ በመስታወቱ አሻግረው አዩት፤ መስታወቱ ቁጥር የሚያወጣ ይመስል።

«ዘይነባ» አሉ በቀስታ፣ «ቁጥሩስ?»

«የቱ ቁጥር? ያ ጥቁር ጥቁሩ? እሱማ ነው ያስቸገረኝ!» አሉ። «የሰው ዕቃ ቆሽሾ እኔ ቤት አድሮ አያውቅም።»

እንዴት አድርጌ ልቆጣ? ሴትዮዋ ገበያቸውን ትተው ሲፈትጉ ነው የዋሉት፤ ክንዳቸው እስከ ክርኑ አመድ ለብሷል። «እጅዎን ይባርከው እትዬ» አልኩና አመስግኜ ወጣሁ። ውጭ ስንደርስ ሐጂ አጥሩን ተደግፈው ለጥቂት ጊዜ ቆሙ። ለከብቶቻቸው ስም ነበራቸው መሰለኝ፤ አንድ ሁለት ስም ሲጠሩ ሰማሁ።

ይህን ስሰማ እግሬ ራሱ ተነሳ። የጋሼ ወልዴን በቅሎ ለምኜ አብዱ ግመሎቹን ይዞ ሄደበት በተባልኩት በካራቆሬ መንገድ ጋለብኩ። በቅሎዋ እንደ እኔ አልቸኮለችም። እኔ ላይዋ ላይ ሆኜ በሐሳቤ ከፊቷ እሮጣለሁ፣ እሷ ቅጠል ትቀነጥሳለች። ፀሐይ ሳትጠልቅ ጀውሃ ወንዝ ዳር ደረስን። አብዱ ግመሎቹን እየነዳ መሻገር ጀምሯል።

«አብዱ! መርፌዋ! መርፌዋን!»

ቆመና ከላይ እስከ ታች አየኝ።

«አንተ ማነህ?»

«እኔ ነኛ! ጋቢናው ውስጥ የነበርኩት!»

«ያ ሰው ፊቱ ጥቁር ነበር» አለ። እውነቱን ነው፤ ግሪሱን ታጥቤያለሁ። «ወላሂ አላውቅህም። አማናውን ላላወቅሁት ብሰጥ አላህ ይጠይቀኛል። ምልክቷን ተናገር።»

በቅሎ ላይ ሆኜ፣ ወንዝ ዳር፣ ስለ አንዲት መርፌ መመስከር ጀመርኩ። «ቀይ ናት። ከጣት ታንሳለች። ጫፏ ትንሽ ጎበጥ ይላል። ስሟ…» ስም እንደሌላት ትዝ ሲለኝ ርዝመቷን በጣቴ አሳየሁት።

አብዱ ራሱን ነቀነቀና እጁን ወደ ጎፈሬው ሰደደ። ከማበጠሪያው አጠገብ ሰክቷት ኖሯል። «ከራሴ የበለጠ የማምነው ቦታ የለኝም» አለ። «በሚመጣው ገበያ እዚሁ እንዳለች አመጣልህ ነበር። ይህን ያህል መንገድ ምን አስሮጠህ?»

መርፌዋ በቅቤ ርሳለች። ሳምኳት፤ ከንፈሬም ራሰ።

ማታ ስመለስ የቀረን ነገር ቁጥሩ ብቻ ነበር። ደግነቱ እትዬ ዘይነባ ቀለሙን እንጂ ቁጥሩ የቆመበትን ጭረት አላጠፉትም። ከጧቱ ጎሕ ጋር ሳህኑን ይዘን ተቀመጥን፤ ሐጂና ጋሼ ወልዴ ተቀመጡ፣ እኔ ቆምኩ።

ሐጂ የቃሚስ እጅጌያቸውን ሰብስበው ብዕራቸውን ቀለም ውስጥ ነከሩ። «እኔ በልጅነቴ ቁርአን ቤት በእንጨቱ ሉሕ ላይ ስጽፍ ሼሁ ያደንቁኝ ነበር። እኔ እጽፈዋለሁ።»

ጋሼ ወልዴ ለምስክርነት መጥተው ነበርና፣ «እኔስ ዲያቆን አልነበርኩም? ቁጥር በግዕዝ ሲጻፍ ነው የሚያምር» አሉ።

«መኪናው የማን ነው?»

«ቡሎኑስ ማን ጋ አደረ?»

ሁለቱም ዘወር ብለው እኔን አዩ። እኔም ሁለቱንም ደስ ማሰኘት ፈለግሁ። የዕድሜ ልክ ድካሜ ይኸው ነው። በግራ በኩል ጋሼ ወልዴ ፲፣ ፳፣ ፴ ብለው በግዕዝ ጻፉ። መካከል ላይ እኔ በትምህርት ቤት ቁጥር አርባን ጻፍኩ። ከዚያ ወደ ቀኝ ሐጂ በአረብኛ ከሃምሳ እስከ ሰማንያ ሞሉት። እውነቱን ለመናገር ያምር ነበር። እንዲህ ያለ ቆጣሪ በዓለም ላይ ሌላ ያለ አይመስለኝም፤ የተሠራውን ሁሉ ባላይም።

ገጠምኩት። ሐጂ አስነሱ፤ ካሚዮኑ አስነጥሶ ተንቀሳቀሰ፤ መርፌዋም ከዜሮ ቀና አለች። ሐጂ መሪውን ለቀው እጃቸውን ወደ ላይ ዘረጉ። «አልሐምዱሊላህ!» መሪውን እኔ ያዝኩ።

ካምፑ ደረስን። መርማሪው አጭር፣ ጫማው የሚያብለጨልጭ ጣሊያናዊ ነው። ሐጂን «አንተ ውረድ» አላቸውና መሪውን ራሱ ያዘ፤ እኔን አጠገቡ አስቀመጠኝ። ሐጂ ሜዳው ላይ ብቻቸውን ቀሩ። መሪው ከእጃቸው የወጣ ጊዜ የፊታቸውን መልክ ባላየሁ ይሻለኝ ነበር።

መርማሪው ወደ ቆጣሪው ጎንበስ አለ። ቁጥሮቹን ከዳር እስከ ዳር በጣቱ ተከተለ።

«ይሄ ምን?»

«ቁጥር ነው ሲኞር።»

«አውቃል» አለ ወዲያው። «እኔ ሦስት ዓመት በዚህ አገር። ሁሉ አውቃል። ይሄ አበሻ መጻፍ፣ ከግራ። አስር፣ ሃያ፣ ሠላሳ። ይሄ አርባ። ይሄ አረብ መጻፍ።» ጣቱን አነሳ። «አረብ ከቀኝ ይጀምራል! ስለዚህ እዚያ ዳር ያለው ሃምሳ። ይሄ ከአርባ አጠገብ ያለው ሰማንያ። ልክ?»

«አዎ ሲኞር» አልኩ።

ከዚያ በኋላ ነው ጥያቄውን ያሰብኩት።

መንገዱ ከካምፑ ወደ ሮቢ ወንዝ ቁልቁል ይሄዳል። ድልድዩ ገና እየተሠራ ስለነበር መኪና የሚሻገረው በወንዙ አሸዋ ላይ ነው። መጀመሪያ ደህና ሄድን። አስር፣ ሃያ፣ ሠላሳ፣ አርባ። መርፌዋ ቅቤ ጠግባ ስትንሸራተት ደስ ትላለች። ሃምሳ ላይ ስትደርስ መርማሪው ከመቀመጫው ዘለለ።

«ሰማንያ! አሮጌ መኪና፣ ሰማንያ!»

በደስታ ቤንዚኑን ጨመረ። መርፌዋ ወደ ስልሳ ወጣች፤ ለእሱ ግን ወደ ሰባ ወረደች። ፊቱ ጠቆረ።

«ለምን ቀነሰ?» ብሎ ይበልጥ ረገጠ። ዶሮዎች በመስኮቱ በኩል አለፉ። መርፌዋ ሰባ ገባች። «አሁን ስልሳ! ሰነፍ መኪና!» ብሎ በሙሉ ክብደቱ ቆመበት።

ልነግረው እፈልጋለሁ። ግን መምህራችን አለቃ ሲናገር አይቋረጥም ብለውናል። ስለዚህ ክፍል ውስጥ እንደማደርገው ጣቴን አነሳሁ። አነሳሁና እንዲጠራኝ ጠበቅሁ። አልጠራኝም። ሌላውንም እጄን አነሳሁ። በመስኮቱ የሚያየኝ ሰው ለማን እንደምማረክ ግራ ሳይገባው አልቀረም። ወንዙ እየቀረበ መጣ፣ «ሲኞር ጥያቄ አለኝ» አልኩ በመጨረሻ፣ «ምን?» ሲል ወንዙ ውስጥ ነበርን።

ካሚዮኑ አሸዋውን በአፍንጫው ቆፈረ፣ አቃሰተ፣ ቆመ። የመርማሪው ባርኔጣ ብቻዋን ወደ አዋሽ ጉዞ ጀመረች። መርፌዋ ወደ ዜሮ ተመለሰች።

መርማሪው ቆጣሪውን አየ፣ እኔን አየ፣ ከበስተኋላ እየሮጡ የሚመጡትን ወታደሮች አየ። መኪናው መጥፎ ነው ቢል ታዲያ ለምን እንዲህ ነዳኸው ይባላል። ቆጣሪው አሳሳተኝ ቢል ደግሞ ማንበብ አለማወቁ ነው። ቀጥ ብሎ ወረደ፤ ውሃው እስከ ጉልበቱ ነው።

«ይሄ የወንዝ ምርመራ ነበር» አለ ለሁሉም በሚሰማ ድምፅ። «እኔ አስቤ አስገባሁ። መኪና ጠንካራ። አልፏል!»

ወረቀቱን ጀርባዬ ላይ ዘርግቶ ፈረመ፣ ማኅተሙን በትንፋሹ አሙቆ አሳረፈበት፤ የማኅተሙ ምት እስከ ሆዴ ተሰማኝ። ከዚያ ጫማው ውሃ እየተፋ ወደ ካምፑ አዘገመ። ወታደሮቹም ተከትለውት ሄዱ።

ሐጂ ኡመር እያለከለኩ ደረሱ። ወረቀቱን ሰጠኋቸው። የጣሊያንኛውን ጽሑፍ ማንበብ ስላልቻሉ ማኅተሙን ዳሰሱ፣ ግንባራቸው ላይ አሳረፉት፣ ጥምጣማቸው ውስጥ ሸጎጡት። ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ከዚያ ጋቢና ገብተው ሞተሩን አስነሱ፤ ጋሼ ወልዴና ምርመራውን ሊያይ በኋላ የደረሰው የሰፈሩ ሰው ሁሉ ከእኔ ጋር ከኋላ ገፋን።

ጎማው አሸዋ ላይ በባዶ ሲሽከረከር ቆጣሪው መቁጠሩን አይተውም። መኪናው ይሂድ ይቁም ለመርፌዋ ጉዳይዋ አይደለም።

«ሃምሳ!» አሉ ሐጂ ከውስጥ፣ በራሳቸው እጅ የጻፉትን እያነበቡ። «ስልሳ! ግፉ ወንድሞቼ፣ ግፉ! ሰባ ገባን!»

የሮቢ አሸዋ በሙሉ ፊታችን ላይ ነው። አጠገቤ የሚገፉት ጋሼ ወልዴ ዓይናቸውን እየጠረጉ፣ «የት ገባን ነው የሚሉት?» ብለው ጠየቁኝ።

መልስ ልሰጣቸው አፌን ስከፍት አሸዋ ሞላው። ካሚዮኑ አንድ ስንዝር አልተነቃነቀም። ሐጂ ኡመር ግን አንገታቸውን በመስኮቱ አውጥተው፣ ጥምጣማቸውን በአንድ እጅ ደግፈው ወደ ኋላ ተጣሩ፦

«ልጄ! አላህ እጅህን ይባርከው! ሰማንያ!»